ሕፃናትን የቴኒስ ጨዋታ ማስለመድ

ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም። እስቲ የመንደራችንን ሕፃናት ልብ ብለን እንመልከታቸው። ጥጃ ሲጠብቁ ይጫወታሉ። ውሃ ሲቀዱ ይጫወታሉ። ከማሳ ወፍ ሲያባርሩ እንኳ የማን ድንጋይ ርቆ እንደሚሄድ ይፎካከራሉ። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ነበርን። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በገመድ አሥረን ኳስ ሠርተናል። ለገና በዓል ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን ሩር ስንመታ ውለናል። "ኧረ ልጆች ይብቃችሁ፤ መሸ እኮ!" እስክንባል ድረስ ከሜዳው አንወጣም ነበር።

ታዲያ ጨዋታ ጊዜ ማባከኛ ብቻ ነውን? አይደለም። ልጅ ሲሮጥ እግሩ ይጠነክራል። የሚበር ነገር ሲከተል ዓይኑና እጁ አብረው መሥራትን ይለምዳሉ። ተራውን ሲጠብቅ ትዕግሥትን ይማራል። ሲሸነፍ መቻልን፣ ሲያሸንፍ አለመኩራትን ይማራል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ እናነባለን። ስሙ ቴኒስ ይባላል። አንዳንዶቻችን ከተማ ሄደን አይተነው፣ ወይም ስሙን በሬዲዮ ሰምተነው ይሆናል። "ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም በፊት እንዲህ እንል ነበር። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ለጀማሪ ሕፃን የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት መሆኑን ተረዳን። በብዛት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ከሱቅ አይገዛም።

ሀ. ቴኒስ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ቴኒስን ሁለት ሰዎች አንድ ለአንድ፣ ወይም አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው ይጫወቱታል። በሜዳው መካከል መረብ ይዘረጋል። ተጫዋቾቹ ከመረቡ ወዲያና ወዲህ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ራኬት የሚባል መምቻ ይይዛል። ራኬት እጀታ አለው። ራሱ ሰፋ ያለ ሲሆን እንደ ወንፊት በክር የተወጠረ ነው። ኳሷ ከጎማ ትሠራለች፤ ውስጧ ባዶ ነው፤ ላይዋ ጠጕር ባለው ጨርቅ ይሸፈናል። ክብደቷ ከ56 እስከ 59 ግራም ነው። በመጠን ከሎሚ ተለቅ፣ ከብርቱካን አነስ ትላለች።

የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ አጭር ነው። አንዱ ተጫዋች ኳሷን ይመታል። ኳሷ ከመረቡ በላይ አልፋ በሌላው ክልል ውስጥ መውደቅ አለባት። ሌላው ደግሞ ኳሷ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ሳትነጥር መልሶ ይመታታል። ኳሷ መረቡን ማለፍ ቢያቅታት፣ ከመስመር ውጭ ብትወድቅ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ብትነጥር ነጥቡ ለባላጋራው ይሆናል።

ጨዋታው አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ዋልተር ዊንግፊልድ የተባለ የጦር መኮንን የጨዋታውን ዕቃና አጨዋወት በስሙ አስመዘገበ። በ1877 ደግሞ በለንደን፣ ዊምብልደን በተባለው ሰፈር ታላቅ ውድድር ተደረገ። በዚያ ስም የሚጠራው ውድድር እስከ ዛሬ አለ። ቴኒስ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቴኒስ ሜዳዎች አሉ።

ለ. የትልቅ ሰው ዕቃ ለሕፃን አይሆንም

በመጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ሕፃናትን ቴኒስ ለማስለመድ ስንነሣ ዕድሜያቸው ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነ ልጆችን ሰበሰብን። በትልቁ ሜዳ ላይ አቆምናቸው። የትልቅ ሰው ራኬት አስያዝናቸው። ሁሉንም በአንድ ረድፍ አሰለፍንና አንድ በአንድ ኳስ ወረወርንላቸው።

አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። የቆሙት ሰለቻቸውና ጠጠር መወራወር ጀመሩ። ተራው የደረሰው ልጅ ደግሞ ራኬቱ ስለ ከበደው እንደ መጥረቢያ በሁለት እጁ ያነሣዋል። ኳሷ ነጥራ ከራሱ በላይ ታልፋለች። እኛም "ምታ እንጂ! ምቺ እንጂ!" እያልን እንጮሃለን። በሦስተኛው ቀን ግማሾቹ ቀሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ራኬቱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ "እኔ አልችልም" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ያን ጊዜ ጥፋቱ የልጆቹ መስሎን ነበር። ማታ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ግን ጥፋቱ የራሳችን መሆኑ ገባን። ለሕፃን ከአቅሙ በላይ ሰጥተን፣ አልቻልክም ብለን ወቀስነው። ለመሆኑ ጥጃ ቀንበር ይጫንበታል እንዴ?

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። የትልቅ ሰው ኳስ ከ2 ሜትር ከ54 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በጠንካራ ወለል ላይ ስትለቀቅ፣ ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር ድረስ እንድትነጥር ደንቡ ያዛል። የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ግን ወደ 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ኳሷ ከልጁ ራስ በላይ ልትነጥር ትችላለች ማለት ነው። ትልቅ ሰው ኳሷን በወገቡ ትክክል ይመታታል። ሕፃኑ ግን ከዛፍ ላይ ፍሬ እንደሚለቅም ሰው መንጠራራት አለበት።

ሜዳውም ሰፊ ነው። ርዝመቱ 23 ሜትር ከ77 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ለአንድ ለሚጫወቱ 8 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር ነው። የመረቡ ከፍታ በመካከሉ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከሕፃኑ ደረት በላይ ይሆናል።

በአገራችን ደጋ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ኳስን ብዙ አይዝም፤ ስለዚህ ኳሷ ትፈጥናለች። ውስጧ በአየር የተወጠረ ስለ ሆነም የበለጠ ትነጥራለች። በዚህ ምክንያት የዓለም የቴኒስ ደንብ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,219 ሜትር ከፍ ላሉ ቦታዎች የተለየ ኳስ ፈቅዷል። ከደጋችን ብዙው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በቆላ የምትፈጥን ኳስ በደጋ ይብሱን ትፈጥናለች።

ችግሩን ሌሎች አገሮችም አይተውታል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ጀማሪዎች በዝግተኛ ኳስ እንዲማሩ የሚያደርግ ዘመቻ ጀመረ። ከ2012 ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጆች በውድድር ላይ የትልቅ ሰው ኳስ እንዳይጠቀሙ ደንብ ወጣ። ለእነርሱ የሚሆኑት ኳሶች ሦስት ዓይነት ናቸው። የሚታወቁትም በቀለማቸው ነው።

1ኛ. ቀይ ኳስ። ይህች ለጀማሪ ሕፃናት ናት። ከ2 ሜትር ከ54 ሴንቲ ሜትር ስትለቀቅ የምትነጥረው ከ90 እስከ 105 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሜዳው ከ11 እስከ 13 ሜትር ያህል ይረዝማል። መረቡ 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

2ኛ. ብርቱካንማ ኳስ። ከ105 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ትነጥራለች። ሜዳው 18 ሜትር ያህል ይሆናል።

3ኛ. አረንጓዴ ኳስ። ከ120 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ትነጥራለች። በዚህች ጊዜ ልጁ ወደ ትልቁ ሜዳ ይገባል።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊደል ስንማር እንዴት እንደ ነበር እናስታውስ። እርሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንይዝ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማረሻ የለመደ እጅ እርሳስ ከበደው። መጀመሪያ ሀ ሁ አልን። ቀጥለን ቃል አነበብን። ከዚያ በኋላ ወደ ዓረፍተ ነገር ሄድን። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ መጽሐፍ ሰጥተው "አንብቡ!" ቢሉን ኖሮ ስንቶቻችን በማግስቱ እንመለስ ነበር? ለልጅም እንዲሁ ነው። ቀይ ኳስ የቴኒስ ሀ ሁ ናት።

ሐ. ከሣጥን ሳንቃ የጀመረች ልጅ

"ዕቃ ከሌለ ምን ይደረጋል?" ለሚል ሰው የአንዲት የገጠር ልጅ ታሪክ እንንገረው። ስሟ ኢቮን ጉላጎንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 በአውስትራሊያ ተወለደች። ወገኖቿ በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት አቦርጂናል የተባሉት ሕዝብ ናቸው። ያደገችው ባሬላን በተባለች፣ ስንዴ በሚመረትባት ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አባቷ የበግ ጠጕር ሸላች ነበር። በቤቱ ስምንት ልጆች ነበሩ። ራኬት ለመግዛት ገንዘብ አልነበረም።

ስለዚህ ልጅቱ የመጀመሪያ መምቻዋን ከፖም ሣጥን ሳንቃ አገኘች። በዚያች ሳንቃ ኳስን ከግድግዳ ጋር እያጋጨች ትጫወት ነበር። በመንደሩ የቴኒስ ሜዳ ነበረ። ኢቮን በአጥሩ በኩል ሆና ሰዎች ሲጫወቱ አጮልቃ ታያለች። አንድ የመንደሩ ሰው አያትና ገብታ እንድትጫወት ጋበዛት።

እ.ኤ.አ. በ1971፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለች፣ የፈረንሳይንና የዊምብልደንን ውድድር በአንድ ዓመት አሸነፈች። በ1980፣ ልጅ ወልዳ እናት ከሆነች በኋላ፣ ዊምብልደንን እንደገና አሸነፈች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጅማሬው ሳንቃ ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ ነው። ያ ሰው "ይህች ልጅ ከአጥር ውጭ ምን ትሠራለች?" ብሎ ቢያባርራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እርሱ ግን በሩን ከፈተላት። ሁሉም ልጅ እንደ ኢቮን ይሆናል ማለታችን አይደለም። በሩን የሚከፍት ሰው ግን ለሁሉም ልጅ ያስፈልገዋል።

መ. ቦታና ዕቃ ማዘጋጀት

ኳስ የምትነጥረው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ሣር ባለበትና በታረሰ መሬት ላይ አትነጥርም። ታዲያ በገጠር ደልዳላ መሬት ከየት ይገኛል? አውድማችን አለ አይደለም እንዴ! አውድማ ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ አውድማው ባዶውን ይቀመጣል። ያን ጊዜ ለልጆች ጨዋታ ይሆናል። በመውቂያ ጊዜ ግን አውድማው የእህል ነው፤ ልጆቹም ይህን ማወቅ አለባቸው። አውድማ ከሌለ የትምህርት ቤት ግቢ ይሆናል። ከጨዋታ በፊት ጠጠሩንና እሾሁን መልቀም ነው።

የሕፃናት ሜዳ ርዝመቱ 11 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ሜትር ከሌለ በትልቅ ሰው እርምጃ ርዝመቱን 15፣ ወርዱን 7 እርምጃ መለካት ነው። መስመሩን በአመድ እናሰምራለን። በመካከሉ ሁለት ችካል እንተክላለን። በችካሎቹ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለክተን ገመድ እንወጥራለን። በገመዱ ላይ ባዶ ከረጢት ቀዶ ማንጠልጠል መረብ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ግን አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት።

መምቻውን ከሳንቃ እንሠራለን። ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ስለ ሆነ ጥሩ ነው። መምቻው ከነእጀታው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት ሁለት ስንዝር ያህል ይሁን። የሚመታበት ራሱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ጠበብ ይበል። እጀታው በልጅ እጅ ልክ ቀጭን ይሁን። ጠርዙ ስንጥር እንዳይኖረው በደንብ ይለስልስ። በእጀታው ላይ ጨርቅ ይጠቅለልበት። ከእጅ አምልጦ ሌላውን እንዳይመታም በእጀታው ጫፍ ክር አሥሮ በልጁ አንጓ ላይ ማጥለቅ ነው።

ኳስ ሁለት ዓይነት ያስፈልገናል። አንደኛዋ የጨርቅ ኳስ ናት። አትነጥርም፤ ግን ለመወርወርና ለመቅለብ ትሆናለች። ሁለተኛዋ የምትነጥር ለስላሳ የጎማ ኳስ ናት። ከከተማ ያረጀ የቴኒስ ኳስ ቢገኝ ይበልጥ ጥሩ ነው። ያረጀ ኳስ የውስጥ አየሩ ስለሚቀንስ ዝቅ ብሎ ይነጥራል። አሁንም ብዙ የምትነጥር ከሆነ በመርፌ ብትበሳ ዝግ ትላለች። ለትልቅ ተጫዋች የማትረባው ኳስ ለሕፃን ትመቻለች።

ሠ. ትምህርቱ በደረጃ

ትምህርቱን በሰባት ደረጃ ከፍለነዋል። ልጁ አንዱን ሳይለምድ ወደ ሌላው አንሄድም።

1. ኳስን መላመድ። በመጀመሪያ መምቻ አይያዝም። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡና ኳሷን መሬት ለመሬት ያንከባልሉ። ቀጥለው ይቆሙና በእጃቸው ከታች ወደ ላይ ይወራወሩ። ከዚያ ኳሷ አንድ ጊዜ ነጥራ በሁለት እጃቸው ይቅለቧት። ኳሷ መሬት ስትነካ ልጁ "ነጠረች!" ይበል። ሲይዛት "ያዝኳት!" ይበል። ይህ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ሲል ዓይኑን ከኳሷ ላይ አያነሣም።

2. መምቻን መላመድ። መምቻውን ሰው ሰላም እንደምንል፣ እንደ መጨባበጥ አድርጎ ይያዘው። አጥብቆ አይጨብጠው። ኳሷን በመምቻው ላይ አስቀምጦ ሳይጥላት ይሂድ። እናት ቡና የሞላ ሲኒ ይዛ እንደምትራመደው ማለት ነው። ይህን ሲችል ኳሷን በመምቻው ወደ መሬት እያነጠረ ይቁጠር። ዐሥር ሲደርስ ወደ ላይ እያነጠረ ይቁጠር። ቁጥርም አብሮ ይማራል።

3. አቋቋም። እግሩን በትከሻው ስፋት ከፈት ያድርግ። ጉልበቱን ትንሽ ጎንበስ ያድርግ። መምቻውን ከፊቱ ይያዝ። ይህን ለልጆቹ ለማስረዳት ብዙ ደክመን ነበር። ኋላ አንድ እረኛ ልጅ ገላገለን። "ጥጃው በበሩ ሊያመልጥ ሲል እንደምንቆመው ነው አይደል?" አለ። እውነቱን ነው። እረኛ በበረት በር ላይ ጥጃ ሲጠብቅ ወዲያም ወዲህም ለመሮጥ ተዘጋጅቶ፣ ዓይኑን ጥጃው ላይ ተክሎ ነው የሚቆመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጥጃው መጣ!" ስንል ሁሉም በትክክል ይቆማሉ።

4. ሁለቱ ምቶች። ኳስ በቀኝም በግራም ትመጣለች። በሚመታበት እጁ በኩል ስትመጣ ልጁ ጎኑን ወደ መረቡ ያዞራል። መምቻውን ወደ ኋላ ይወስዳል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየገፋ፣ ኳሷን ከፊቱ በወገቡ ትክክል ይመታታል። በሌላው በኩል ስትመጣ ደግሞ በሁለት እጁ ይዞ ቢመታ ይቀለዋል። በዚህ ጊዜ አስተማሪው ከሩቅ አይወረውርም። ከልጁ አጠገብ ቆሞ ኳሷን ከእጁ ይለቃታል። ኳሷ ትነጥራለች፤ ልጁ ይመታል። ይህን ሲለምድ ከሦስት እርምጃ ርቀት ቀስ ብሎ መወርወር ይቻላል። "ነጠረች! መታሁ!" ማለቱ እዚህም ይቀጥላል።

5. መቀባበል። አሁን ሁለት ልጆች በገመዱ ወዲያና ወዲህ ይቁሙ። ዓላማቸው መሸናነፍ አይደለም። ኳሷ ሳትቋረጥ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰች አብረው ይቁጠሩ። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ዐሥር። ጓደኛው እንዲመልስለት ብሎ የሚመታ ልጅ ኳሷን ወደ ፈለገበት መላክን ይማራል። የጨዋታው ዋና ጥበብም ይኸው ነው።

6. የመክፈቻ ምት። ጨዋታ የሚጀመረው በአንዱ ምት ነው። ጀማሪ ልጅ ከታች ወደ ላይ መትቶ ይጀምር። ኋላ እንደ ትልልቆቹ ከራሱ በላይ መምታትን ይማራል። ይህ የእጅ አወራወር ከማሳ ወፍ ለማባረር ድንጋይ ከመወርወር ጋር ይመሳሰላል። ማሽላ የጠበቀ ልጅ ግማሹን ያውቀዋል ማለት ነው። በሜዳ ላይ ግን የጨርቅ ኳስ እንጂ ድንጋይ አይወረወርም።

7. ነጥብ መቁጠር። ትልልቆቹ በቴኒስ ነጥብ ሲቆጥሩ 15፣ 30፣ 40 ይላሉ። ይህ ለሕፃን ግራ ነው። ለእርሱ ከ1 እስከ 7 ይቆጠርለት። ቀድሞ ሰባት የደረሰ ያሸንፋል። ዳኛ አያስፈልግም። ኳሷ በክልሉ የወደቀችበት ልጅ ራሱ "ውስጥ ናት" ወይም "ውጭ ናት" ይበል። እውነት መናገርን እዚህ ይለማመዳል።

ረ. የአስተማሪው ጠባይ

አስተማሪው ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ተጫዋች መሆን የለበትም። ከዚህ በታች ያሉትን ግን ማወቅ አለበት።

ንግግር ይቀንስ። ሕፃን በጆሮው ከሚሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ይቀዳል። አንድ ጊዜ አሳይቶ መልቀቅ ነው።

ረጅም ሰልፍ አይሠራም። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሱ። ነገር ግን በመምቻ እንዳይማቱ በመካከላቸው ሦስት ትልቅ እርምጃ ይራራቁ። መምቻ በሚወዛወዝበት አጠገብ ሌላ ልጅ አይቁም።

ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ፀሐይ ሳይከር ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሁን። የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይዘጋጅ። ልጆቹ ገና "ጥቂት እንጨምር" እያሉ ማቆም ጥሩ ነው። ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።

በግራ እጁ የሚይዝ ልጅ በግራው ይጫወት። ግራኝነት ነውር አይደለም። በቴኒስ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል በግራ የሚመቱ ብዙ ናቸው። አስገድደን በቀኝ ብናስይዘው አካሉን ግራ እናጋባዋለን።

ዱላና ስድብ ከሜዳ ይውጣ። ኳስ የሳተ ልጅ መሳቱን ራሱ ያውቃል፤ ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው "አሁን ዓይንህ ኳሷ ላይ ነበር፤ ጥሩ ነው፤ ድገም" መባል ነው። አንዱን ልጅ ከሌላው ማወዳደርም አይገባም። ልጁ ዛሬ የሚወዳደረው ከትናንቱ ከራሱ ጋር ነው።

ሴት ልጆች አይረሱ። በዚህ ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። ቀደም ብለን "እኔ አልችልም" ብላ ስለ ሄደችው ልጅ ተናግረን ነበር። ሜዳውን አሳንሰን፣ ሳንቃ ጠርበን እንደገና ስንጀምር ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ በደጅ እህል ያነፍሱ ነበር። "እናንተስ ለጨዋታ ትጠሩልኛላችሁ፤ ውሃውን ማን ይቀዳልኛል? ወንድሟ ይጫወት እንጂ" አሉን። ነገራቸው እውነት ነበረው። ሥራው አለ፤ ሠሪ ያስፈልገዋል። እኛም "እማማ፣ ወንድምና እኅት ቀን በቀን እየተፈራረቁ ቢቀዱስ? አንድ ቀን እርሱ ይቅዳ፣ እርሷ ትጫወት፤ በማግስቱ እርሷ ትቅዳ" አልናቸው። ጥቂት አሰቡና "እስቲ ለአንድ ሳምንት ልየው" አሉ።

ልጅቱ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ራቅ ብላ ቆማ አየች። ሳንቃውን ስንሰጣት እንደ ድሮው የሚከብዳት መስሏት በሁለት እጇ ተቀበለችው። ቀላል ሆኖ ስታገኘው ፈገግ አለች። በአንደኛው ሳምንት ኳስ መቅለብ ቻለች። አንድ ወር ሲሞላ ከጓደኛዋ ጋር ዐሥራ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ተቀባበሉ። "ዐሥራ አንድ!" እያለች እየሮጠች ለእናቷ ነገረች። እናቷም በሌላው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው በአውድማው ዳር ቆሙ። ሳምንቱ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ስለ ውሃው ግን ማንም አላነሣም። ወንድሟ የውሃውን መንገድ ለምዶት ነበር።

ሰ. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ሕፃናትን ቴኒስ ማስለመድ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦታውን በልጅ ልክ ማሳነስ፣ መምቻውን ማቅለል፣ ኳሷን ዝግተኛ ማድረግ፣ ትምህርቱን በደረጃ መስጠት ነው። ይህ ለቴኒስ ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። እርሻም ሲያስተምሩ፣ ንባብም ሲያስተምሩ ያው ነው። ልጁ አልችልም ሲል፣ ልጁን ከመውቀሳችን በፊት የሰጠነውን ዕቃና ሥራ እንመልከት።

ጥያቄዎች

1. የትልቅ ሰው የቴኒስ ኳስ ለስድስት ዓመት ልጅ ለምን ታስቸግራለች?
2. በደጋ አገር ኳስ ለምን የበለጠ ትፈጥናለች?
3. ኢቮን ጉላጎንግ የመጀመሪያ መምቻዋን ከምን አገኘች? በሩን የከፈተላትስ ማን ነው?
4. በመንደራችሁ ለሕፃናት ሜዳ የሚሆን ደልዳላ ቦታ የት ይገኛል? በየትኛው ወር ባዶ ይሆናል?
5. ልጁ "ነጠረች! መታሁ!" እንዲል የሚደረገው ለምንድን ነው?
6. በቤታችሁ ሴቶችና ወንዶች ልጆች ሥራና ጨዋታ እንዴት ይከፋፈላሉ? ተነጋገሩበት።

የቃላት ፍቺ

ራኬት፦ በክር የተወጠረ የቴኒስ መምቻ
ባላጋራ፦ በጨዋታ ተቃራኒ ሆኖ የሚቆም
አንጓ፦ የእጅ መታጠፊያ መገጣጠሚያ
መቅለብ፦ የተወረወረን ነገር በአየር ላይ መያዝ
ደልዳላ፦ ጎድጓዳና ጉብታ የሌለበት፣ እኩል የሆነ